ቤቱ እስኪሸጥ

«ገዢዎች ሲመጡ እርስዎ የት ይሆናሉ?»

አለችኝ ሴትዮዋ። የት እሆናለሁ? ቤቴ ነኛ። ሰው ሲመጣ በር የምከፍተው፣ ወንበር የምስበው፣ ልብሴን አስተካክዬ «ግቡ» የምለው እኔ ነኝ። ወደ ልጄ ዞርኩ። ልጄ ግን የምታየው ሴትዮዋን ነበር።

ሴትዮዋ ቤቱን እንድትሸጥልን የያዝናት ናት። የመጀመሪያ ቀን ደላላ አልኳት። አልተቆጣችም፤ ፈገግ ብላ «የቤት ሽያጭ ወኪል» ብላ አረመችኝ። ልጄም ከአፏ ተቀብላ «ወኪል ነው የሚባለው፣ እማዬ» አለች። ከዚያ ወዲያ ሲመቸኝ ወኪሏ፣ ሲከፋኝ ደላላዋ እላት ጀመር። አብዛኛውን ጊዜ ደላላዋ ነበረች።

ነገሩን በትዕግሥት አስረዳችን። ባለቤት እያለ ገዢ አይዝናናም አለች። ቁምሳጥን ከፍቶ አያይም፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ አይመረምርም፤ ወይ ያፍራል ወይ ያዝናል፣ ከዚያ አመስግኖ ይወጣል፣ አይመለስም። ስለዚህ ገዢ ሲመጣ ባለቤት ዞር ይላል፤ የሥራው ወግ እንዲህ ነው። «ልጅዎ ግን ብትቀር ትረዳኛለች» አለች። እኔ ልወጣ፣ ልጄ ልትቀር። ሲነገር ቀላል ነው።

ቤቱን ለመሸጥ የተነሣነው ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ነው። ለሁለት ሴቶች ሰፋን። ጣሪያ ሲያፈስ መሰላል የሚወጣ የለም፤ ቧንቧ ሲፈነዳ የምንጠራው ሰው በመጣ ቁጥር ሌላ ነገር ሰብሮ ይሄዳል። ሐሳባችን ከክሊኒኩ አጠገብ ካለው ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል መግዛት ነበር፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የልጄ። እኔ የልጄን መጋረጃ ሳይቀር በልቤ ሰቅዬ ጨርሼ ነበር።

ወኪሏ ሥራዋን ከሳሎን ጀመረች። የባለቤቴ ወንበር ወጣ፤ መቀመጫው ጎድጉዷል ተባለ። ጎድጉዷልማ፣ ሰው ነበር የሚቀመጥበት። ምንጣፉ ተጠቀለለ፣ የዕቃ መደርደሪያው ጓዳ ገባ፣ ሶፋው የለበሰው ላስቲክ ተገፈፈ። ያንን ላስቲክ ሶፋው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ስጠብቀው ኖሬ፣ ጨርቁ ሰማያዊ አበባ እንዳለው ያየሁት ለሰው ልንሸጠው ስንል ነው። ከዚያ የእሷን ዕቃ በመኪና አመጣች፤ ለስድስት ሰው የሚሆን ጠረጴዛ፣ ሳህንና ብርጭቆ ተደርድሮበት፣ መሃሉ ላይ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ሎሚ። አንዱን ሎሚ ለሻይ ልቆርጥ አንስቼ ልጄ ከእጄ ተቀበለችኝ። «ለማየት ነው፣ እማዬ።» ገዢ በሚመጣበት ቀን ሽንኩርት ማቁላላትም ተከለከለ። በገዛ ወጥ ቤቴ።

ይህ ሁሉ ግን ያን ያህል አልከበደኝም። ዕቃ ነው፣ ይወጣል ይገባል። አንጀቴን ያሳረረኝ ሌላ ነው።

ልጄ እኔን ፊደል የምታስተምረኝ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር። እኔ ጠዋት ጠዋት የጎልማሶች ትምህርት እሄዳለሁ፤ እዚያ የተማርኩትን እሷ ታስደግመኛለች። ድሮ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የመብራት ሂሳብ፣ የአውቶቡስ ሰሌዳ የምታነብልኝ ዓይኔ እሷ ነበረች። ፊደል መቁጠር ስጀምር እንኳ ግማሹ ደስታዬ ፊደሉ አልነበረም፤ ትከሻዋ ትከሻዬን እየነካ መቀመጧ ነው። ሴትዮዋ ከመጣች በኋላ ያ ሰዓት የቀለምና የመጋረጃ ሰዓት ሆነ። አንድ ቀን በራችን ላይ የሰቀለችውን ሰሌዳ ቆሜ «የሚ... ሸጥ... ቤት» ብዬ ሳነብ ከኋላዬ ደርሳ «ጎበዝ እማማ!» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። እማማ! ብበልጣት በጥቂት ዓመት ነው። ምራቄን ዋጥ አድርጌ ገባሁ።

ልጄ ፀጉሯን እንደ ሴትዮዋ ወደ ላይ ሰብስባ ማሰር ጀመረች። አነጋገሯም ተለወጠ። «ይሄ ጥግ ይተንፍስ» ትላለች፣ ዕቃ ይነሣ ለማለት ነው። «ጥጉስ ይተንፍስ፣ እኔስ?» አልኳት። ሳቀችና መጥረጊያውን ይዛ አለፈች። መጀመሪያ ሴትዮዋን «እርስዎ» ነበር የምትላት። የኋላውን ክፍል ቀለም ሲቀቡ ነው «አንቺ» ስትላት የሰማሁት። ሁለቱም ራሳቸውን በሻሽ አስረዋል፣ ልጄ አፍንጫዋ ላይ ቀለም ነክቷታል፣ ሴትዮዋ በአውራ ጣቷ እየጠረገችላት እፍ ክንፍ ይላሉ። እኔ ሻይ ይዤላቸው በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሁለቱም አላዩኝም። ሻዩን መልሼ ወስጄ ሁለቱንም ብርጭቆ ራሴ ጠጣሁት።

ገዢ ሲመጣ የምቀመጠው ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው ዳቦ ቤት ነው። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ ሬዲዮ ይለዋል፤ ዝም ካለ ባትሪው አልቋል ይባላል። በመስኮቱ በኩል የእኔን ሳሎን እንደ ኳስ ጨዋታ ያስተላልፍልኛል። «አሁን መጋረጃ ተከፈተ። አሁን ሰውየው ወለሉን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ልጅሽ ከአዲሷ እናቷ ጋር ወደ ጓዳ ገባች።» ለቀልድ ነው ያለው። ዳቦውን ሳህኑ ላይ መለስኩት። ሬዲዮም ደንግጦ ውሃ ቀዳልኝ፤ ከዚያም መስኮቱን ትቶ ዳቦ መደርደር ያዘ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወኪሏ ወጥ ቤት መጥታ አብራኝ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። ጎንበስ ብላ ነው የነገረችኝ፣ በአክብሮት፤ ይህን አልክድም። በሌላ ከተማ ሁለተኛ ቢሮ ልትከፍት ነው። ልጅዎ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት፣ አብራኝ እንድትሠራ ጠይቄያታለሁ፣ ማረፊያም ከእኔ ጋር አለ፣ እርስዎ ሳይሰሙ እንዳይሆን ብዬ ነው አለች። እጄ ሳሙና ውስጥ ነበር። «እሷ ምን አለች?» አልኩ። ልጄ ለካ በሩ ላይ ቆማለች።

«እማዬ፣ ቤቱ ተሽጦ አንቺን አዲሱ ቤት ሳላስገባ ንቅንቅ አልልም።»

ልታጽናናኝ ነው። ተቃቅፈንም ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ከተናገረችው ሁሉ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤቱ እስኪሸጥ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የገዢ ኮቴ ያስደነግጠኝ ጀመር። አንዱ ቤቱ ጨለመብኝ ብሎ ሲሄድ ደስ አለኝ። ሌላዋ አውቶቡስ ፌርማታው ራቀኝ ስትል ሮጬ ባቅፋት በወደድኩ። አንድ ቀን ደግሞ ገዢ እንደሚመጣ እያወቅሁ ሽንኩርት አማረኝ፤ በሰፊው ድስት። ልጄ እየዞረች መስኮቱን ሁሉ ከፋፈተች።

በመጨረሻ የመጡት ባልና ሚስት ናቸው፤ ሚስትየዋ ነፍሰ ጡር ናት። እኔ እንደ ደንቡ ዳቦ ቤት ነኝ። ሌሎቹ ገዢዎች ቶሎ ገብተው ቶሎ ይወጡ ነበር፤ እነዚህ ግን አልወጡም። ሬዲዮ አንገቱን አስግጎ ቆየና «እነዚህስ ወስደውታል፤ ሴትዮዋ ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ተደላድላለች» አለ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። «ኧረ ደንቡ አይፈቅድም!» ይላል ከኋላዬ፤ መንገዱን ተሻግሬያለሁ።

በወጥ ቤቱ በር ነው የገባሁት። ሚስትየዋ ለደላላዋ ስትናገር ሰማሁ፤ ልጅሽ ቁርጥ አንቺን ትመስላለች፣ ፀጉሯ ሳይቀር እያለች ነው። ደላላዋ ሳቀችና «ምነው ልጄ በሆነች» አለች። ልጄም እየሳቀች «ከእንግዲህማ ሆንኩ» አለቻት፣ ክንዷ ላይ ተደግፋ።

ቀልድ ነው። ቀልድ መሆኑን ያን ጊዜም አውቄያለሁ። ግን ደሜ ፈላ።

«እናቷ እኔ ነኝ» ብዬ ገባሁ።

ሚስትየዋ ደንገጥ ብላ ከሶፋው ተነሣችና በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። መልካም ሴት ናት። ያንኑ እጇን ሳልለቅ ወደ ኋላው ክፍል ወሰድኳት። ለልጃችን ይሆናል ብለው ያንን ክፍል መምረጣቸውን አላወቅሁም ነበር። አዲሱ ቀለም ያበራል። ደላላዋ ግድግዳው ላይ ያስደገፈችውን ረጅም መስታወት ገፋ አደረግሁት።

«በክረምት ይሄ ግድግዳ ላብ ያልበዋል» አልኩ። «ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ለሰነው፣ አልደረቀም። ሕፃን ታስተኚበታለሽ?»

ሚስትየዋ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ባልየው ግድግዳውን አንኳኳ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ የበሩን መቃን። አንዴ ማንኳኳት የጀመረ ሰው የሚያቆም አይመስልም። ወኪሏ ድምፅዋን ሳትቀይር ነገሩን አስረዳች፤ ችግሩ ከኋላ ያለው የውሃ መውረጃ መሆኑን፣ ጠጋኝ አምጥታ እንዳሳየች፣ ከመፈራረማቸው በፊት ልትነግራቸው እንደነበር። ልጄም ራሷን እየነቀነቀች አረጋገጠች። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። የነገረኝ የለም፤ ወይም ሲነግሩኝ አልሰማሁም። ሰዎቹ ግን ልባቸው ሸሽቷል። እናስብበት ብለው ወጡ። የሚያስብ ሰው አረማመድ አልነበረም።

ወኪሏም ቦርሳዋን አንሥታ፣ ደህና ዋሉ ብላኝ ወጣች። አንዲት ክፉ ቃል አልወጣትም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር።

ልጄ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች፣ ማንም ያልበላባቸው ሳህኖች ፊት። እኔ ቆሜያለሁ።

«ለሰዎቹ አዝነሽ ነው?» አለችኝ።

«እውነቱን ነው የተናገርኩት።»

«እውነት መሆኑን አውቃለሁ። ለሰዎቹ አዝነሽ ነው ወይ?»

አንዱን ሳህን አንሥቼ በነጠላዬ ጠረግሁ።

«ቤቱ እስኪሸጥ ብዬሽ ነበር» አለች። «ስለዚህ እንዳይሸጥ። አይደል?» አልጮኸችም። መድኃኒት ስታነብልኝ እንደነበረው ቀስ ብላ ነው። «ሌላ ገዢ ሲመጣስ? ለእሱስ ምን ትነግሪዋለሽ?»

«እሷ ምን ሰጠችሽ» አልኳት፣ «እኔ ያልሰጠሁሽ?»

«ምንም። ጠየቀችኝ። ትፈልጊያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።»

አንድ ሺህ ነገር ልመልስላት እችል ነበር። ጠይቄሻለሁ ልላት አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ ጠይቄያት እንደማውቅ ላስታውስ ሞከርኩ፤ በላሽ ወይ፣ በረደሽ ወይ፣ ለምን ዘገየሽ።

«አዲሱ ቤት ሳላስገባሽ አልሄድም ያልኩት ከልቤ ነበር» አለች። «አሁን ግን አልጠብቅም፣ እማዬ። ከጠበቅኩ እጠላሻለሁ ብዬ እፈራለሁ።»

ስለ ግድግዳው ዛሬም ቢሆን እናገራለሁ። ሕፃን በዚያ ክፍል አይተኛም። ሴትዮዋን ግን አልወደድኳትም፣ ጥሩ ሰው መሆኗን ካወቅሁ በኋላ ደግሞ ይበልጥ አልወደድኳትም። መጥፎ ብትሆን ልጄ ትመለስልኝ ነበር።

ጠረጴዛዋን ሊወስዱ በመጡ ዕለት የልጄ ሻንጣም አብሮ ተጫነ። ፎጣ፣ የሹራብ ልብስ፣ የእኔን ትንሿን ድስት ጨመርኩላት። አንገቴን አቅፋ ቆየች፤ ሽታዋ የሴትዮዋ ሽቶ ነበር። መኪናው ውስጥ ከፊት ተቀመጠች። ሬዲዮ ከበሩ ወጥቶ እጁን አውለበለበ፣ ምንም አላስተላለፈም።

አሁን በሳምንት አንድ ቀን ትደውላለች። ስለ ሥራዋ፣ ስለ ደረጃ ብዛት፣ ስለ ክፉ አከራዮች ታጫውተኛለች። አንዳንዴ ከኋላዋ የዚያች ሴት ድምፅ «ጨው የት አደረግሽው?» ሲል ይሰማኛል፤ ልጄም ስልኩን ከአፏ ዞር አድርጋ ትመልስላታለች። ስልኩን እስክዘጋ ከዚያ በኋላ የምትለኝ ነገር አይገባኝም። ጨውን የት እንደምታስቀምጥ እኔ አላውቅም።

ከክሊኒኩ አጠገብ ያሉትን ክፍሎች ሌላ ሰው ገዝቷቸዋል። የእኛ ቤት አልተሸጠም። ልጄ ሄደች፤ እኔ ቀረሁ።