የሞተው ቃልና የኦርና ምሳ

«እንዲህ የሚባል ቃል የለም!» አለች ኦርና።

«አለ! ማለቴ... ነበረ። ሞቷል እንጂ» አለ ሽሎሞ።

«ከሞተ ቅበረዋ! ለኔ ምን ያደርግልኛል?»

«አንቺ ነሽ ያስነሳሽው! ‹ቢራራ ስበላ አፍ አፌን ያየኛል› አላልሽም? እሱ በድሮ እንግሊዝኛ ‹ግሮክ› ነው። ሰው ሲበላ ዝም ብሎ እያዩ፣ ብላ እስኪባሉ መጠበቅ። ዛሬ ለንደን ሄደሽ ብትናገሪው የሚሰማሽ የለም።»

ሽሎሞ ለንደን ነው የተወለደው። እዚህ እስራኤል፣ ሐደራ ከተማ ኢንዱስትሪ ዞን፣ የኛ ፍራሽ ፋብሪካ ውስጥ መጋዘን ይጠብቃል። ማንም የማይናገረውን ቃል መልቀም ሱሱ ነው። ኦርና አለቃችን ናት። እኔ ስፖንጅ እቆርጣለሁ፤ ሲቸግራቸው ደግሞ አስተርጓሚ ነኝ።

«በቃ ግሮክ ነው» አለች ኦርና። «ቢራራ ከእሁድ ጀምሮ የሌሊት ፈረቃ ይግባ። ሰው እያፈጠጠብኝ አልበላም።»

ሳቄን ዋጥኩት። አባ ቢራራ በፈረንጆቹ 91 ከኢትዮጵያ የመጡ፣ አብረውኝ የሚሠሩ፣ ቤት ኤሊዔዘር ሰፈርም ጎረቤቴ ናቸው። ሚስታቸው እትዬ ሙላቷ እግራቸውን ታመው፣ ሌሊት ደግፎ የሚያነሳቸው ባላቸው ብቻ ናቸው። ሌሊት ግባ ማለት ሥራህን ልቀቅ ማለት ነው።

«ቆይ» አለ ሽሎሞ። «ግሮክ የሚባለው እኮ ምግቡን ከፈለገው ነው። እስቲ ስጪው። እምቢ ካለ ቃሉ እሱን አይመለከትም፣ ቀን ይቆያል።»

ኦርና እሺ አለች። ልቅጠን ብላ ምሳዋን የሩዝ ብስኩት አድርጋዋለች። ክብ፣ ነጭ፣ ላዩ ላይ ኮቴጅ የሚሉት አይብ የተቀባ ነገር ነው። እኔ እንደሆንኩ ከምቆርጠው ስፖንጅ ለይቼው አላውቅም። ምሳ ሰዓት ላይ አባ ቢራራ እንደ ልማዳቸው ፊት ለፊቷ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዩዋታል። አንዱን ብስኩት አንስታ ዘረጋችላቸው።

«ኧረ በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

«አየሽ!» አለ ሽሎሞ።

ነገሩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር። እኔ ግን ኦርና አማርኛ ስታወራ ማየት አማረኝ።

«በአንዴማ ማን ይቀበላል?» አልኳት። «የኛ ሰው አንጀቱ ቢታጠፍም መጀመሪያ በቃኝ ነው የሚለው። ‹በሞቴ› በያቸው።»

«ማ ዜ... ምንድን ነው ‹በሞቴ›?»

«እምቢ ካልከኝ ልሙት ማለት ነው።»

ኦርና ተነሳች። ብስኩቱን አፋቸው ድረስ አስጠግታ «ቤሞቲ!» አለች።

አባ ቢራራ ክው አሉ። ሰው በሞቴ ብሎ ካጎረሰህ እንግዲህ ምን ታደርጋለህ? አፋቸውን ከፈቱ። ብስኩቱ ቋ! አለ።

«በላው!» ብላ ጮኸች ኦርና። «ይኸው፣ ፈልጎት ነው! ሌሊት ይግባ!»

ሽሎሞ ጭንቅላቱን ያዘ። ጉድ ፈላ። ሽማግሌው በኔ ጨዋታ እንጀራቸው ሊቀር ነው። ቶሎ ብዬ ወደሳቸው ዞርኩ።

«አባ ቢራራ፣ እግዜር ያሳይዎት፣ የርስዎን ምሳ በልተው ሲያበቁ ለምንድን ነው እሷ ፊት ተቀምጠው አፍ አፏን የሚያዩት?»

እያኘኩ ቆዩ። ነገሩ ቶሎ የሚዋጥ አይደለም።

«አንተ ሰው ብቻውን ሲበላ አይተህ ጥለህ ትሄዳለህ? ሌላው ሁሉ ተሰብስቦ ይበላል። እሷን አለቃ ናት ብላችሁ ሸሻችኋት። እንዳላጫውታት ቋንቋዋን አልችል። ቢቸግረኝ ዓይኔ እንኳ አብሯት ይቀመጥ ብዬ ነዋ!»

ተረጎምኩላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሴ ምንም ሳልጨምር። ኦርና ብስኩቷን አየች፣ አባ ቢራራን አየች፣ ከዚያ መስኮቱን ማየት ጀመረች። ሽሎሞ «ለዚህ ቃል የለንም» አለ ቀስ ብሎ። «የሞተም የለን።»

«ቀን ይቆያል በለው፣ ብንያም» አለችኝ ኦርና። «ነገም እዚሁ ይቀመጥ። ከዛሬ ጀምሮ ምሳዬን ሁልጊዜ ለሁለት እንካፈላለን።»

ነገርኳቸው። አባ ቢራራ የቀረውን እንደምንም ዋጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ይሄን የምታካፍለኝ ከሆነስ» አሉ፣ «ሌሊት እገባለሁ በላት።»