የእትዬ አሪፋ ፔርሙዝ

ወይንሸት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና ወደ ቆላው ቀበሌ የመጣች ሰሞን ሙቀቱ ሊያበስላት ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ በር ከፍተው ያስገቧት፣ ላቧን በሻሻቸው ጫፍ የጠረጉላት እትዬ አሪፋ ናቸው። በዚያው ቤታቸው ቀረች። በጾሟ ቀን ሽሮ ይለዩላታል፤ እሷም ረመዳን ሲገባ ማፍጠሪያ ቴምር ከሸዋ ሮቢት ይዛ ትመጣለች። የወለደቻትን እናቷን ትወዳለች፤ እትዬ አሪፋን ግን ትወዳቸዋለችም ትፈራቸዋለችም።

እትዬ አሪፋ አንድ አመል አለባቸው፤ በሽተኛ ሳይጠይቁ መዋል አይችሉም። ሰው ጋደም አለ ከተባለ፣ ክርስቲያን ነው ሙስሊም ነው ሳይሉ፣ ቢጫ ፔርሙዛቸውን አጥሚት ሞልተው ከተፍ ነው። ወይንሸትም ብልጥ ናትና ይህን አመል ለሥራዋ አዋለችው። የበሽታ ቅኝት ማለት በየቤቱ እየዞሩ የታመመ ሰው መኖር አለመኖሩን ማየትና በየሰኞው ለወረዳው መደወል ነው። ታዲያ በዚያ ፀሐይ ማን ይዞራል? ፔርሙዙ ወዴት እንደሄደ አይቶ መከተል ይቀላል። ፔርሙዙ ከመደርደሪያው ካልወረደ በሽተኛ የለም ማለት ነው።

የአተት ወሬ በየአቅጣጫው በሚናፈስበት በዚያ ክረምት፣ ወይንሸት ከተማ ስልጠና ሰንብታ ሰኞ ጠዋት ተመለሰች። ከባጃጅ ወርዳ ወደ ጤና ኬላው ስትሄድ በእትዬ አሪፋ መስኮት አጮለቀች፤ ፔርሙዙ ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል። ደስ አላትና ለወረዳው የቅኝት ባለሙያ ለጋሽ ሙሉቀን ደወለች።

«ዜሮ ነው ጋሼ። ሰው ሁሉ ደኅና ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ኧረ ፔርሙዙም አልተነቃነቀ!»

ጋሽ ሙሉቀን የፔርሙዙን ነገር ያውቃሉና አብረው ሳቁ።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን አንድ ነገር ቆረቆራት። ከርማ ስትመለስ እትዬ አሪፋ በር ላይ ቆመው «መጣሽ የኔ ልጅ» ሳይሏት? የባጃጁን ጡሩምባ ሰምተው ሳይወጡ? ፔርሙዙ ያልወረደው የሚያወርደው ሰው ጠፍቶ ቢሆንስ? ሮጠች። ነጠላ ጫማዋ ካንድ እግሯ ሲወልቅ ዞር ብላም አላየችው።

እትዬ አሪፋ መደባቸው ላይ ነበሩ። ዓይናቸው ጎድጉዷል፤ የክንዳቸው ቆዳ ቆንጥጣ ስትለቀው አልመለስ አላት።

«ምነው ሰው ቢጠሩ?» አለች፣ እያለቀሰች ኦአርኤስ እየበጠበጠች።

«ይሄ ለሰው የሚነገር በሽታ ነው? ያሳፍራል እኮ።»

ቅዳሜ ወንዝ ዳር ማሾ ሊያርሙ የመጡ የቀን ሠራተኞች ታመሙ ሲባል እትዬ አሪፋ አጥሚት ይዘው ሄደው ነበር። ሠራተኞቹ የሚያቀርቡት ቢያጡ ከወንዙ የቀዱትን ውሃ ሰጧቸው። «እምቢ ልበላቸው? ወላሂ ነውር ነው» አሉ እትዬ አሪፋ።

ወይንሸት መልሳ ደወለች። «ጋሼ፣ ዜሮ ያልኩት ስሕተት ነው። አተት ሳይሆን አይቀርም። ቤታችን ገብቷል፤ ወንዝ ዳርም አለ።»

ጋሽ ሙሉቀን አልተቆጡም፤ መኪናና ድንኳን ላኩ። ጤና ጣቢያው ግቢ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ለሠራተኞቹም ለእትዬ አሪፋም ግሉኮስ ተሰጣቸው። ወይንሸት የዚያን ዕለት መንደሩን ቤት ለቤት አዳረሰችው። ሁሉም ከደጃፉ «ደኅና ነን» አላት። እትዬ አሪፋ እንደ ታናሽ እህት የሚያዩዋት የግድግዳ ጎረቤታቸው መሊካም በሩን ሳትከፍት «ደኅና ነኝ» አለች።

በማግስቱ እትዬ አሪፋ ነፍስ ዘሩ። ነፍስ እንደዘሩም ተቀየሙ፤ ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞሩ።

«ስንቱን ስጠይቅ ኖርኩ። እኔን ብሎ የመጣ ግን አንድ ሰው የለም።»

ጠያቂ እንዳይገባ ገመድ ወጥራ የከለከለችው ወይንሸት ራሷ ናት። ሸራውን ገለጥ አደረገችው። ከገመዱ ማዶ፣ በዚያ ፀሐይ፣ የመንደሩ ሴቶች ቆመዋል፤ ጅልባብ የለበሰችውም፣ ማተብ ያሰረችውም፣ ሁሉም ፔርሙዝ ታቅፈዋል። ሂዱ ቢባሉ እምቢ ብለው ከማለዳ ጀምሮ እዚያው ናቸው።

እትዬ አሪፋ እጃቸውን ሊያነሱ ሞክረው አቃታቸውና አለቀሱ። «አላህ ያክብራችሁ» አሉ። ከዚያ ከዳር እስከ ዳር አንድ በአንድ ሲያዩዋቸው ቆዩና ፊታቸው ተለወጠ።

«መሊካስ?»

«ትናንት ደኅና ነኝ ብላኛለች።»

«መሊካ? እኔ ታምሜ፣ እሷ ደኅና ብትሆን ሳትመጣ ትቀራለች?»

ወይንሸት ሸራውን ለቀቀችው። እጅና እግሯን በበረኪናው ውሃ ታጥባ፣ በገመዱ ሥር ሾልካ፣ ያገኘችው ባጃጅ ላይ ዘላ ወጣች።

የመሊካን በር ገፍታ ስትገባ መሊካ ምድጃው አጠገብ ወድቃለች፤ ትንፋሿ ግን አለ። ከጎኗ አጥሚት የተሞላ ፔርሙዝ ሳይከደን ቆሟል።

«ለእትዬ አሪፋ እንዳትነግሪያቸው» አለች መሊካ፣ ከንፈሯ ደርቆ። «ይዤላቸው ልመጣ ነበር።»

«እሳቸው ናቸው የላኩኝ» አለች ወይንሸት፣ ጎንበስ ብላ እያዘለቻት።