የአልጋው ምስማር

አባቴ አናጢ ነው፤ እኔም ልጁ ነኝና ሌላ ምን እሆናለሁ። ምስማር ሲያይ ደሙ ይፈላል። "እንጨትን እንጨት ይያዘው!" ይላል። ለደንበኛ ሁሉ የሚያሳየው የገዛ አልጋውን ነበር፤ የእንጨቱን ወንዴ ምላስ ከሴቴው ቀዳዳ አጋጥሞ የሠራው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲጢጥ ብሎ የማያውቅ፣ ምስማር ያልነካው አልጋ።

ባለፈው ሳምንት አባቴ አዲስ አልጋ ስለሠራ ያንን አሮጌውን ፈታሁትና ጠረጴዛ ልሠራበት ተነሣሁ። እግሩን ስልግ መላጊያዬ ቀጭ አለና ስለቱ ተሸረፈ። በንዴት ጎንበስ ብዬ ባየው፣ በእንጨት ውታፍ የተደፈነ ምስማር!

"አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየው። "የእኔ እጅ አይደለም" አለ ፊቱ ጠቁሮ።

እናቴ በበሩ ብቅ አለች። "የእኔ ነው። በተጋባን በዓመቱ ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ እንቅልፍ ነሳኝ። ነገ አጠብቀዋለሁ፣ ነገ አጠብቀዋለሁ ስትል ክረምቱ አለፈ። ለሰው ሲሆን ትፈጥናለህ። አንድ ቀን የሰው ቁም ሣጥን ልትገጥም ስትወጣ ምስማር መታሁበትና ደፈንኩት፤ ሲጢጡ ሲቀር አንተም ረሳኸው።"

"ይኸው እስከ ዛሬ ስፎክር እየሰማሽ?"

"ምን ላድርግ? ደስ ሲልህ እያየሁ ዝም አልኩ።"

አባቴ ከውታፉ የተረፈውን በጥፍሩ ዳሰሰው። የእንጨቱን መስመር ጠብቃ ነበር የደፈነችው፤ እውነቱን ለመናገር እኔ እንዲያ አላሳምረውም።

ምስማሩን ልነቅል ጉጠት ሳነሳ እጄን ያዘኝ።

"ተወው" አለ። "እግሩን ስትገጥም ይሄኛውን ፊት ወደ ውጭ አዙረው።"