መርፌዎቹ የሚገናኙበት

ሰበታ ገበያ አጠገብ፣ በዲኖ ልብስ ስፌት ቤት በረንዳ ላይ፣ አረጋሽና ራዲያ የቀሚስ ጠርዝ እንዳይተረተር በእጅ ሲዘመዝሙ ዓመታት አልፈዋል። አሠራራቸው የራሳቸው ነበር። ሽንሽኑን ቀሚስ ጭናቸው ላይ ያነጥፉትና ከአንድ ቦታ ተነሥተው አንዷ በቀኝ፣ አንዷ በግራ ይሄዳሉ። ዙሪያው ሰፊ ነው፤ ወሬያቸውም እንደዚያው። በመጨረሻ መርፌዎቻቸው ሲገናኙ ሁለቱን ክሮች አንድ ላይ ይቋጥሯቸዋል። ያቺን ቋጠሮ ከእነሱ በቀር የሚያውቃት አልነበረም፤ ለባሿስ ብትሆን መች ጠርዟን ገልብጣ ታያለች።

አረጋሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ልጅ አልወለደች፤ ያሏት ዘመዶች ሩቅ ናቸው። ማታ በሯን ከዘጋች እስከ ጠዋት የሚያናግራት የለም። ከራዲያ ጋር የምታወራው ወሬ ምግቧ ነበር ማለት ይቻላል። እሑድ አልመሽ እያለ ያስቸግራታል።

ታዲያ አንድ ሰኞ ዲኖ ከመርካቶ አዲስ የመዘምዘሚያ መኪና አስጭኖ መጣ። ሦስት ክር ትጎርሳለች፤ ጠርዙን በምላጯ እየከረከመች እግረ መንገዷን ትዘመዝማለች። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር አስቀምጦ፣ ሙሽራ እንዳመጣ ሰው ዙሪያዋን ተጎማለለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመኪናዋ አንድ ሰው እንደሚበቃት፣ በደንብ የለመደችው ሥራው ላይ እንደምትቆይ ነገራቸው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲናገር ዓይናቸውን ማየት አልቻለም።

መኪናዋ ለአረጋሽ አልገራ አለች። ክሩን በየቀዳዳው አሹልካ ስትጨርስ ይበጠስባታል። እንደ ልማዷ ጨርቁን በእጇ ስትስበው ምላጩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አንዱን ቀሚስማ አይጥ የበላው አስመሰለችው። ራዲያ ግን ሳምንት ሳይሞላት ክሩን እያወራች ታስገባው ጀመር። አረጋሽ ቀናች፤ መቅናቷም አሳፈራት።

ይህን ያየችው ራዲያ ከኋላዋ መጥታ እጇን በእጇ ላይ አደረገች።

«አትሳቢው፤ እሷው ትውሰደው። አንቺ አቅጣጫውን ብቻ አሳያት» አለቻት።

አረጋሽ እጇን ላላ ስታደርገው ጠርዙ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ወጣ። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን በረንዳው ላይ ብዙ አልተሳቀም።

ዲኖ ሊመርጥ ያያቸው ዕለት፣ ራዲያ ክሩን አሳስታ አስገባችና መኪናዋ ተያዘች። ደግማ አሳሳተች። አረጋሽ ነገሩ ወዲያው ገባት። ሥራው ለእሷ ከሆነ በኋላ ጓሮ ይዛት ሄዳ ለምን እንዲህ እንዳደረገች ጠየቀቻት።

«እኔ ቡራዩ ወንድም አለኝ፤ ልጆቹም ይወዱኛል። አንቺ ከዚህ በረንዳ በቀር ምን አለሽ?» አለች ራዲያ።

አረጋሽ ያለሽኝ አንቺ ነሽ ልትላት አፏን ስትከፍት፣ ራዲያ ሻሿን አስተካክላ እንደ ልማዷ በኦሮምኛ «ነጋቲ» ብላ ተሰናበተቻት።

ለፋሲካ አንዲት ደንበኛ ሰፊ ሽንሽን ቀሚስ አሰፋች። ጠርዙ ለአረጋሽ ተሰጠ። አሁን እጇም እግሯም መኪናዋን ለምደዋል፤ ስትረግጣት ያለ አንዳች እንከን ትሄዳለች። ዙሪያው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ግን እግሯ ቆመ። ዲኖ ክር አልቆባት እንደሆነ ጠየቃት።

«የለም፣ ጋሽ ዲኖ። ወዲያኛው የራዲያ ነው።»

ያለችውን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ዲኖ ወደ ጓዳ ገባ። አረጋሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ እንደገና ረገጠች፤ መኪናዋም ያለ እረፍት ዞራ ከተነሣችበት ደረሰች።

አረጋሽ ቀሚሱን ገልብጣ፣ ጠርዙን በጣቷ እየዳሰሰች፣ መርፌዎቹ የሚገናኙበትን ቦታ ፈለገች። ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞረችው። የትም ቋጠሮ የለበትም።