የአባቴ ሆድ ፎቶግራፍ

አባቴ ወልደ ሰንበት የሞተ ዕለት ለለቅሶው ፎቶ አምጪ አሉኝ። እናቴ ቀድማው ሄዳለች፣ እህት ወንድም የለኝም፤ ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ቤት ገብቼ ሳጥኑን ከፈትኩ። አባቴ በሕይወቱ ፎቶ የተነሳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የተነሳውም ሆዱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በ1973 ዓ.ም. ሁዳዴ ሊገባ ሲል ሆዱን ይቆርጠው ጀመር። ታላቅ ወንድሙ በዚሁ ዓይነት ቁርጠት ተይዞ ክረምቱን አልወጣም ነበርና፣ አባቴ ባይናገርም እንደፈራ አውቅ ነበር። ላሊበላ ጤና ጣቢያ ያለው ድሬሰር ሆዱን ጫን ጫን አደረገና፣ "ደሴ ሄደው ራጅ ይነሱ። ፋሲካን አይጠብቁ" ብሎ ወረቀት ጻፈለት።

አባቴ ዋጋ ሳይጠይቅ ምንም አይነካም። በነፃ የተሰጠውንም አያምንም። ስለዚህ ከደሴ ራጅ ተነስቶ የመጣውን ጎረቤታችንን ምናለን ጠየቀው።

"ስንት ነው?"

"አሥራ ሁለት ብር።"

"አንድ በግ በለኛ። ሌላስ?"

"ሌላማ ያስጠጡሃል። ነጭ ነገር ነው፣ ወፍራም። ሙሉ ብርጭቆ። እሱን ካልጠጣህ ሆድህ አይታይም።"

"ነጭ፣ ወፍራም፣ በብርጭቆ። ወተት ነዋ!"

"እኔ እንጃ፤ የጠጣሁት በጥቅምት ነው። በጥቅምት ማን ይጠይቃል?"

አባቴ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። በማግስቱ ዋሻ ውስጥ ባለው ቤተ ክርስቲያን፣ በነአኩቶ ለአብ ወደሚያገለግሉት የነፍስ አባታችን፣ ወደ መምሬ ገብረ ሊባኖስ ወረደ። እኔም ተከተልኩት።

"መምሬ፣ በሁዳዴ አንድ ብርጭቆ ወተት ስንት ነው?"

"ገበያ ሄደህ ጠይቅ።"

"የኃጢአቱን ነው እንጂ የምልዎት!" አለና ነገሩን ዘረዘረላቸው።

"አንተ ሰው፣ ታመሃል። ለታመመ ይፈቀዳል። ጠጣና ዳን፤ ምንም የለብህም።"

"ምንም?"

"ምንም።"

አባቴ ቅር አለው። "በነፃማ አልጠጣም።"

"እሺ፣ ሦስት ስገድ።"

"ሦስት! ለሙሉ ብርጭቆ? ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል?"

"ሰባት።"

"ኧረ ይጨምሩ መምሬ።"

"አሥራ ሁለት!"

"እሱ የራጁ ዋጋ ነው። የወተቱን ይንገሩኝ።"

ሻጭ አልጨምርም ሲል ገዢ ጨምር ብሎ ሲለምን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ፀሐይዋ ከዋሻው አፍ ላይ እስክትዞር ተከራከሩ። በመጨረሻ መምሬ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ደቅ አደረጉና፣ "ሁለት መቶ! በቃ? ሂድልኝ፣ ልቤን አወለቅከው!" አሉ። አባቴ መስቀላቸውን ተሳልሞ፣ ደህና በሬ እንደገዛ ሰው ደስ ብሎት ወጣ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በየቀኑ አርባ አርባ ሰገደ። ውሃው ከዋሻው ጣራ ጠብ ጠብ ይላል፤ እሱ በአንድ እጁ ሆዱን ይዞ ይወርዳል፣ በሌላው መሬቱን ተደግፎ ይነሳል። የምቆጥረው እኔ ነኝ።

"ሠላሳ ስምንት" ስለው፣

"ሠላሳ ሰባት ነው። ያቺኛዋን ወደቅሁ እንጂ አልሰገድኩም" ይለኛል።

ከዚያ የይለፍ ወረቀት ቀረ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሦስት ሳምንት አመላልሶን፣ ብዙ ካሰበ በኋላ "ሆዱን ፎቶ ለመነሳት ወደ ደሴ የሚጓዝ" ብሎ ጻፈና ማኅተም መታበት። ኩልመስክ ድረስ በእግር፣ ከዚያ በጭነት መኪና ሄድን። ኬላ ላይ ጠባቂው ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው።

"አባት፣ ፊትዎ ምን አጠፋ?"

"ፊቴን አያመኝም" አለ አባቴ።

ሆስፒታሉ ስንደርስ አሥራ ሁለት ብሩን ከመቀነቱ ፈትቶ ከፈለ። ራጅ የሚያነሳው ሀሰን የሚባል የደሴ ልጅ ነበር፤ ነጩን ነገር በትልቅ ብርጭቆ ይዞ መጣ። አባቴ ወደ ምሥራቅ ዞሮ አማተበ።

"አባባ፣ ቶሎ ይጠጡት እንጂ።"

"አታጣድፈኝ ልጄ። ተከፍሎበታል።"

ግማሹን ጠጣና ቆመ። ጣዕሙን አጣጣመ።

"ይህች ላም ምን ትበላለች?"

"የምን ላም?"

"የዚህ ወተት ላም ናታ!"

"ወተት አይደለም እኮ አባባ። ተፈጭቶ የተበጠበጠ ድንጋይ ነው።"

"አትሸንግለኝ። አንተ እስላም ነህ፤ ጾማችንን ምኑን ታውቀዋለህ?"

"እናቴ ቅቤ ነጋዴ ናት። ሁዳዴ ሲገባ ገበያው ይሞትባታል። ቀኑን ከእርስዎ ይልቅ የምትቆጥረው እሷ ናት። ወላሂ ድንጋይ ነው!"

አባቴ ነጭ ከንፈሩን ይዞ ወደ እኔ ዞረ።

"ሸጌ፣ ድንጋይ ፍስክ ነው እንዴ?"

"አይደለም አባዬ።"

"ሁለት መቶ!" ብሎ ጮኸ። ሀሰን ጨርሶ አጠጣውና ከመሣሪያው ፊት አቆመው፤ አባቴ ግን ዝም አላለም። "አይንቀሳቀሱ! ትንፋሽ ይያዙ!" ሲለው፣ "ድንጋይ ላሊበላ ጠፍቶ ነው ደሴ ድረስ የመጣሁት?" ይላል። የመጀመሪያው ፎቶ ተበላሸ። ሁለተኛውም "ሁለት መቶ እኮ ነው!" ሲል ተበላሸ። በሦስተኛው ሀሰንም ሳቁ እንዳያመልጠው ትንፋሹን ያዘ፤ ሁለቱም እንደያዙ ፎቶው ተነሳ።

በማግስቱ ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አነሳው። አባቴ ክንዴን ይዞ ነበር፤ ጥፍሩ ሥጋዬ ውስጥ ገባ።

"ስንት ነው?" አለ ቀስ ብሎ።

"ምኑ?"

"የቀረኝ።"

ሐኪሙ ፎቶውን አወረደ። "ኧረ እንደሱ አይደለም አባቴ! የጨጓራ ቁስል ነው። የፈሩት ነገር የለም። መድኃኒት ይወስዳሉ፣ በርበሬና አረቄ ይተዋሉ፣ ሆድዎን ባዶ አያድርጉት። ደግሞ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ብርጭቆ ወተት ይጠጡ።"

"ምን?"

"ወተት። የላም።"

አባቴ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ፣ ሆዱን ይዞ "ውይ፣ አመመኝ" እያለ ሳቀ። ሐኪሙ ወደ እኔ አየ። እኔም እያለቀስኩ ስስቅ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ሌላ በሽተኛ ጠራ።

አገራችን ስንገባ ለፋሲካ ሃያ ቀን ቀርቶት ነበር። አባቴ ቤት እንኳ ሳይደርስ ነአኩቶ ለአብ ወረደ። መምሬ ፎቶውን ገልብጠው ያዙና፣ "ይህ ነጩ ምንድን ነው?" አሉ።

"ድንጋዩ ነው። ይስሙኝማ መምሬ፤ ሃያ ቀን፣ በቀን ሁለት ብርጭቆ፣ አርባ ነው። ሁለት መቶ ሰግጃለሁ። አንዱ ብርጭቆ በአምስት ስግደት መጣልኝ።"

"ነፃ ነው አላልኩህም?"

"ብለዋል። ቢሆንም ረክሶልኛል።"

ያንኑ ማታ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ጠጣ። "አንድ" አለና አፉን ጠረገ። እስከ ፋሲካ ድረስ አርባውንም እየቆጠረ ጠጣ፤ ቁርጠቱም ተወው።

ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። የሞተው በወባ ነው፤ ሆዱ እስከ መጨረሻው ደህና ነበር።

ሰው የሟቹን ፎቶ ደረቱ ላይ ይይዛል። እኔ የአባቴን ሆድ ወደ ፀሐይ አንስቼ እንዲህ አልኩ፦

ሌላው ሰው ሲሄድማ ፊቱን ነው የሚተው፤
አባቴ ሆዱን ተወ፣ እንዴት ልመልከተው።

ለቀስተኛው ግማሹ አለቀሰ፣ ግማሹ ነጠላውን አፉ ላይ ጣለ። መምሬ ገብረ ሊባኖስ አርጅተዋል፤ በመቋሚያ እየተደገፉ መጡና ፎቶውን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

"ሦስት ስግደት ይበቃው ነበር እኮ" አሉ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ።