ሳትሸፋፍኚ ጻፊልኝ

ሰፈርተኛው ሁሉ እታለም ይላታል። ባለ ሁለት ክፍሏን ጤና ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ጓዳዋ ስትጠርግ፣ እዚያው ስታዋልድና ስትከትብ የኖረች ነርስ ናት። ለበላይ የምትልከው ሪፖርት ግን እንደ ማንኛውም ጣቢያ ያማረ ነበር፤ መድኃኒት ባይኖርም «ሁሉ ደህና ነው» ብላ ትልካለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የጤና ቢሮ ኃላፊዋ ራሷ መጣች። ሁለቱ በተማሪነታቸው አንድ አልጋ ተጋርተው፣ አንድ ጋዋን በተራ ለብሰው ያለፉ ጓደኛሞች ናቸው።

«እህቴ፣ ዘንድሮ ጤና ጣቢያዎችን ልናጠናክር ነው። ሳትሸፋፍኚ ጻፊልኝ፤ እኔው ራሴ ይዤው ስብሰባ እገባለሁ» አለቻት።

እታለም ደስታ ፈንቅሏት ሳምንት ሙሉ ጻፈች። የክትባቱ ፍሪጅ ከቆመ ስምንት ወሩ ነው። ውኃ የሚመጣው በጀሪካን ነው። በቀን ሠላሳ ይመጣ የነበረው ታካሚም ባዶ እጁን መመለስ ሰልችቶት ወደ ስድስት ወርዷል። አንዲትም አልደበቀችም።

ከሁለት ወር በኋላ ደብዳቤ መጣ። የምሥራች መስሏት እየሳቀች ከፈተችው። «የተገልጋዩ ቁጥር በቀን ስድስት ብቻ በመሆኑ ጣቢያው እንዲዘጋ ተወስኗል።»

በማግስቱ ቢሮ ሄደች።

«ምን በደልኩሽ?»

«ቁጥሩ ያንቺው ነው እኮ» አለች ኃላፊዋ፣ ወረቀት እያገላበጠች። «የከተማውን ሆስፒታል ለማስፋት ከአንድ ቦታ መቀነስ ነበረብን። ደግሞ አልረሳሁሽም፤ እዚያ አስተባባሪ አድርጌሻለሁ።»

«ቆይ፣ እኔ ጋ ስትመጪ እንደሚዘጋ ታውቂ ነበር?»

ኃላፊዋ ወረቀቱን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«ሌላ ሰው ብትልኪ እሸፋፍን ነበር» አለች እታለም። «እሱን ስለምታውቂ ነው ራስሽ የመጣሽው።»

ዕቃው ሲጫን ሰው ተሰብስቦ ያያል። ልጃቸው ለመውለድ የተቃረበች አንዲት አዛውንት ጎረቤት ጠጋ አሉና «አንቺ ነሽ አሉ የጻፍሽው?» አሏት።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«የኛ ሰው መስለሽን ነበር» ብለው ፊታቸውን አዞሩባት።

እታለም አስተባባሪነቱን አልቀበልም ብላ በሆስፒታሉ ማዋለጃ ክፍል በተራ ነርስነት ገባች። በሦስተኛው ሳምንት የእማማ ልጅ ከእናቷ ጋር በጭነት መኪና አምስት ሰዓት ተጉዛ ደረሰች። እሷ ተረፈች፤ ሕፃኑ ግን መንገድ ላይ ሞቶ ነበር። እታለም ኮሪደሩ ላይ ወጥታ እማማ አጠገብ ተቀመጠች። እማማ አላናገሯትም፤ ተነስተው ግን አልሄዱም።