ትንሽ ለሚችል ሰው የሚሆን ስኪ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 ጥር ላይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላቦራቶሪ የምትሠራው ስሂን አንዲት ቅዳሜ ለማስለቀቅ ስትል ቀደም ብሎ በገና ዕለት የባልደረባዋን የሥራ ተራ ሠርታ ነበር። እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ የምታመልክበት የሐበሻ ጉባኤ ወጣቶች በዚያች ቅዳሜ በአውቶቡስ ወደ ፔንሲልቫኒያ፣ በበረዶ ተራራ ላይ በስኪ ሊንሸራተቱ ይሄዱ ነበር። እሷ ኖርዌይ ተማሪ ሳለች በደንብ የለመደችውን ስኪ አሜሪካ ከመጣች ወዲህ አልነካችውም። ከተራራው ጫፍ አንድ ጊዜ መውረድ ብቻ ነው የፈለገችው።

ሲነሡ ፎልስ ቸርች የሚባል ከተማ ያለ የስኪ አከራይ ዘንድ ጎራ አሉ።

«ምን ያህል ትችያለሽ?» አላት ሰውየው።

የጉባኤው ሰዎች ከኋላዋ ተሰልፈዋል። በሰው ፊት «እችላለሁ» ማለት ጉራ መሰላት።

«ትንሽ ትንሽ።»

ሰውየው የሰማውን አመነ። አጭርና በቀላሉ የሚተጣጠፍ ስኪ መረጠላት፤ ጫማውን የሚይዘውንም መቆለፊያ ቶሎ እንዲለቅ አድርጎ አላላው።

ቀጥሎ ወልደአምላክ ቀረበ። ባለፈው ዓመት በረዶው ላይ ከቆመበት የተቀመጠበት ይበዛ ነበር። «በደንብ እችላለሁ» አለና ከቁመቱ የሚበልጥ፣ እንደ ሳንቃ የደረቀ ስኪ ተሸከመ።

«ወንድም ወልደአምላክ፣ ይኼ እኮ ቤት ይማገርበታል።»

«እምነት ነው የሚጎድልሽ፣ እህት ስሂን።»

ተራራው ላይ ስሂን ገና ፈጠን ብላ ስትታጠፍ አጭሩ ስኪ ከሥሯ ተንቀጠቀጠ፤ ጠንከር አድርጋ ስትረግጠው መቆለፊያው ተፈታና በደረቷ ተደፋች። ወልደአምላክ ሽው ብሎ አለፋት። ያስቆመው ዳር ላይ የተዘረጋው መረብ ነው።

«ይኼ ነገር በምንድነው የሚታዘዘው?» አላት መረቡ ውስጥ ሆኖ።

«በፍጥነት። ረጅምና ደረቅ ስኪ ቀስ ብለህ ብታዘው አይሰማህም።»

«ይኼን ሁሉ እያወቅሽ ነው ለሰውዬው ትንሽ ትንሽ ያልሽው?»

ከመረቡ አላቃ አወጣችውና አብረው ወደ ተራራው ሥር ወረዱ።

ያው አከራይ ተራራው ሥርም ስኪ የሚቀየርበት ጎጆ ነበረው። እዚያ ያለችው ልጅ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻት። ከጉባኤው የደከማቸው ሰዎች አጠገቧ ቆመው እጃቸውን ያሞቃሉ።

ስሂን ጉሮሮዋን ጠረገች። «በደንብ እችላለሁ» አለች። ለራሷ ጮኸባት እንጂ ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ልጅቷም ረጅም ስኪ አወረደችላትና መቆለፊያውን አጠበቀች።

ወልደአምላክ ስሂን የመለሰችውን አጭር ስኪ አነሣ።

«ይኼን ለእኔ አስተካክይልኝ።»

«ምን ያህል ትችላለህ?»

«ትንሽ ትንሽ። እሱንም አጋንኜ ነው።»

ስሂን አልሰማችውም። በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ተራራው ጫፍ በሚወጣው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ረጅሙን ስኪ አየር ላይ እያወዛወዘች ነበር።